ፖሊሱ ያልፈረመው ሰነድ

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የሶማሌላንዱ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ አዲስ አበባ ላይ የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። የዚያን ሰሞን እኛ አገር ስለ ባሕር ያላወራ ሰው አልነበረም። ታክሲ ውስጥም፣ ካፌ ውስጥም፣ ቴሌቪዥን ላይም ወሬው ሁሉ ወደብ ሆነ፤ መርከቦቻችን ቀይ ባሕር ላይ መልሕቅ ጥለው የታዩት ሁሉ ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ልክ በገና ዋዜማ፣ የሶማሌላንድ የደኅንነት ሰዎች ሐርጌሳ ወደሚገኘው የኤምኤም ሶማሊ ቲቪ ቢሮ ገብተው የጣቢያውን ሰዎች ይዘው ሄዱ። ጥፋታቸው ያንኑ ሰነድ ሕዝብ እንዲከራከርበት መድረክ መክፈታቸው ነበር።

እኔ የምከታተላቸው የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ይህችን ዜና አላነሷትም። ሰነዱን ሲተነትኑ ያመሹ ሰዎች፣ በዚያው ሰነድ ላይ በመወያየታቸው የታሰሩ ባልደረቦች እንዳሏቸው ትንፍሽ አላሉም። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በዚያን ጊዜ የአማራ ሚዲያ ማዕከሉ አባይ ዘውዱና የኢትዮ ኒውሱ በላይ ማናዬ አዋሽ አርባ፣ ወታደራዊ ካምፕ ውስጥ ነበሩ። የራሱን እስረኛ በስሙ መጥራት የፈራ ጣቢያ የጎረቤቱን ከየት አባቱ አምጥቶ ይጠራል?

(ከዚህ በኋላ የሐርጌሳውን ነገር እነሱ በሚቆጥሩበት በፈረንጆቹ፣ የእኛን በእኛው እቆጥራለሁ፤ አንባቢ ይታገሰኝ።)

ሐርጌሳን በእግሩ የዞረ ሰው አንድ ነገር ሳያስገርመው አይመለስም። የሽልንግ እስር እንደ ጡብ ተደርድሮ መንገድ ዳር ይውላል። መንዛሪው ለሶላት ሲነሳ ጨርቅ ጣል አድርጎበት ይሄዳል፤ የሚነካው የለም። ገንዘብ ያለ ዘበኛ የሚውልበት ከተማ ነው። በዚሁ ከተማ ካሜራ ያነገተ ወጣት ወደ እስር ቤት በር ወይም ወደ ሰልፍ ከተጠጋ ማታ ቤቱ ስለማደሩ ዋስ የለውም። ኤፕሪል 2022 በሐርጌሳ ማዕከላዊ እስር ቤት ግርግር ተነስቶ ተኩስ ሲሰማ፣ ምን እንደሆነ ለማጣራት የሄዱ ከአሥር የሚበልጡ ጋዜጠኞች ተለቅመው ታሰሩ። እስረኛ ሊዘግቡ ሄደው እስረኛ ሆኑ።

ሶማሌላንድን የምወቅሰው ከአዲስ አበባ ሰገነት ላይ ቁልቁል እያየሁ አይደለም፤ በምርጫ ጉዳይ የሚያሳፍር ታሪክ ያለን እኛ ነን። እነሱ በ2003 በተደረገው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ፕሬዚዳንቱ ዳሂር ሪያሌ ካሂን ተቀናቃኛቸውን አሕመድ መሐመድ ሲላንዮን በ80 ድምፅ በለጡ ተብሎ ሲነገራቸው አገሩ አልነደደም። ሰማንያ! አንድ ትልቅ ሰርግ ላይ ከሚታደመው ሰው ያነሰ። ሲላንዮ ክርክራቸውን ይዘው ወደ ፍርድ ቤት እንጂ ወደ ጠመንጃ አልሄዱም። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ እኚያው ሲላንዮ ሪያሌን በምርጫ አሸንፈው ቤተ መንግሥቱን ተረከቡ። ኖቬምበር 13 ቀን 2024 ደግሞ አብዲራህማን መሐመድ አብዱላሂ፣ ሕዝቡ «ኢሮ» የሚላቸው፣ 64 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው በሥልጣን ላይ የነበሩትን ሙሴ ቢሂን ረቱ፤ በወሩ ርክክቡ ተፈጸመ። ተሸናፊ ፕሬዚዳንት በእግሩ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ እኛ በዕድሜያችን አላየንም።

የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ድምፅን በዚህ ደረጃ የሚያከብር አገር ድምፁን የሚያሰማለትን ሰው እንዴት እንደዚህ ይንቃል?

ምርጫ ሲቃረብ አንድ ሥርዓት ይፈጸማል፤ ሐርጌሳም፣ አዲስ አበባም፣ የትም ያው ነው። በአንድ ደህና ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይደረደራል፣ የሥነ ምግባር ደንብ ይነበባል። ወሬ አታናፍሱ፤ ጎሣን በጎሣ ላይ አታነሳሱ፤ ኮሚሽኑ ሳያሳውቅ አሸናፊ አታውጁ፤ ለሁሉም ፓርቲ እኩል ጊዜ ስጡ። አንዱንም አልቃወምም። በተለይ ጎሣ የፖለቲካው አጥንት በሆነበት አገር፣ ውጤት በ80 ድምፅ በሚለያይበት አገር፣ አንድ የሐሰት ዜና ሬሳ ሊያስቆጥር እንደሚችል ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሰነዱ ግርጌ የጋዜጠኛው ፊርማ አለ። የፓርቲው አለ። የፖሊስ አዛዡ ፊርማ የታለ? የደኅንነቱ? የዐቃቤ ሕጉ? የማስታወቂያ ሚኒስትሩ? ባየኋቸው እንዲህ ያሉ ሰነዶች ላይ እነዚህን ፈልጌ አጥቻለሁ። ካሜራ የሚነጥቀው ሰው ምንም ቃል አልገባም፤ ካሜራው የሚነጠቀው ሰው ግን በጽሑፍ ቃል ገብቷል። ይህን ነው የሥነ ምግባር ደንብ የሚሉን!

ስለ ምርጫው ቀንም አንድ ነገር ልበል፤ ማንም የማይናገረው ትልቁ ማታለያ እዚያ ላይ ነው። የሶማሌላንድ የምርጫ ቀን የሚያምር ቀን ነው። ወረፋው፣ ሰላሙ፣ የታዛቢው ሰደርያ። በ2017 በብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ የመጣ የታዛቢ ቡድን ነበር። በምርጫው ዕለት ጋዜጠኛ አይነካም፤ ባጁን አንግቶ ይውላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የሪፖርቱም ማሳመሪያ ይሆናል። እስሩ የሚመጣው ታዛቢው ሳይመጣ ወይም ከሄደ በኋላ ነው። ለኖቬምበር 2022 ተቆርጦ የነበረው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ለሁለት ዓመት ተገፋ፤ ሊገፋ ነው ብለው የተቃወሙ ሰልፈኞች አስቀድሞ ኦገስት 2022 ላይ ተገደሉ። የእስር ቤቱ አፈሳ ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። ቢቢሲ ሶማሌላንድ ውስጥ እንዳይሠራ የታገደው በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ነው፤ የተሰጠው ምክንያት የአገርን ክብር ነካ የሚል ነበር። የኤምኤም ሶማሊ ቲቪ ሰዎች የተያዙት ድምፅ ሊሰጥ አሥር ወር ሲቀረው ነው። እነዚህ ሁሉ በምርጫ ሪፖርት ውስጥ አይገቡም፤ «የምርጫ ወቅት» የሚባለው ሰነዱ ከተፈረመበት ቀን እስከ ቆጠራው ማግስት ብቻ ነዋ። ምርጫው ይደረግ አይደረግ ብሎ መጻፍ ግን የምርጫ ዘገባ ካልሆነ ምንድን ነው?

እኛም ያው ነን። የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች የተያዙት ሚያዝያ 2006 ነው፤ ለግንቦት 2007ቱ ምርጫ አንድ ዓመት ሲቀረው። ድምፁ ተሰጥቶ፣ ገዢው ፓርቲ ከነአጋሮቹ ምክር ቤቱን ጠቅልሎ ከወሰደ በኋላ፣ በሐምሌ ከመካከላቸው አምስቱ ድንገት ተለቀቁ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ሰጠን፤ በዘጠነኛው ቀን፣ ምርጫ ቦርድ ውጤቱን ገና ሳያሳውቅ፣ የአውሎ ሚዲያ ሠራተኞች ታፈሱ፤ ቀጥሎ የኢትዮ ፎረሞቹ ተያዙ። ብዙዎቹ አዋሽ ሰባት ተወስደው ቤተሰብ የት እንዳሉ ለማወቅ ሲንከራተት ሰነበተ። ከ1997ቱ የግንቦት ምርጫ በኋላ የሆነውንማ የማያውቅ የለም፤ ጋዜጠኞች ከተቃዋሚ መሪዎች ጋር በአንድ መዝገብ ተከሰሱ፣ ጋዜጠኛዋ ሰርካለም ፋሲል ልጇን የወለደችው እስረኛ ሆና ነው። በየትኛው የሥነ ምግባር ደንብ ጥሰት ይሆን?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የሶማሌላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ሐሳብን የመግለጽና የፕሬስ ነፃነትን ይሰጣል። በ2004 የወጣው የፕሬስ ሕግ ደግሞ በጋዜጠኝነት ሥራ የሚነሳ ክርክር በፍትሐ ብሔር እንዲታይ ያዛል። ፍርድ ቤቱ ግን ጋዜጠኛ ሲቀርብለት ይህን ሕግ ወደ ጎን ብሎ በ1962 የወጣውን፣ ከሞቃዲሾ የወረሰውን የወንጀለኛ መቅጫ ይመዛል። ከሞቃዲሾ ተለይተናል ብለው ሠላሳ ዓመት የተሟገቱ ሰዎች፣ ጋዜጠኛ ማሰር ሲያምራቸው የሞቃዲሾን ሕግ ያስታውሳሉ! ሃቱፍ የሚባለው ጋዜጣ ላይ በ2007 የተደረገው ይኸው ነው። ስለ ፕሬዚዳንቱ ቤተሰብና ስለ መንግሥት ንብረት ጻፈ፤ ሊቀ መንበሩ ዩሱፍ አብዲ ጋቦቤና ባልደረቦቹ ጃንዋሪ ላይ ታሰሩ፣ ማርች ላይ ከሁለት ዓመት ያላነሰ እስር ተፈረደባቸው፣ ወሩ ሳያልቅ በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ተለቀቁ።

ይቅርታ! ከእስሩ ይልቅ እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ይቅርታ የሚሉት ነገር ነው። ያላጠፋን ሰው ፈርዶ ማስገባት፣ ከዚያ በቸርነት ማውጣት፤ ጋዜጠኛው ከእስር ቤት የሚወጣው አመስግኖ ነው። የያዘው ፖሊስ አይጠየቅም፣ የፈረደው ዳኛ አይጠየቅም፣ የተጻፈው ነገር እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አይመረምርም። ጽሑፉ የነካው ሰውዬ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። እኛም በዚያው ዓመት፣ በ1999፣ ገሚሱን በነፃ ገሚሱን በይቅርታ እያልን ስንሸኝ ነበር፤ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ነው የሚመስለው።

የእኛንም ሕግ ላስታውስ። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ፈጸመ የተባለ ሰው ለምርመራ ተብሎ ቀጠሮ ሳይጠየቅበት ክሱ በቀጥታ ለፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጥሩ አማርኛ ነው። አዋጁ በወጣ በጥቂት ወራት ፖሊስ በጋዜጠኞች ላይ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» እያለ አሥራ አራት ቀን፣ ከዚያ ሌላ አሥራ አራት ቀን ሲጠይቅ፣ ችሎቱ ደግሞ ሲፈቅድ አይተናል። አዋጁን ያነበበው ጋዜጠኛው ብቻ ነበር መሰለኝ።

የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚያነሱትን ትልቁን ነጥብ አልሸሸውም። በ2017ቱ ምርጫ የሶማሌላንድ ምርጫ ኮሚሽን ፌስቡክና ዋትስአፕን የመሳሰሉት ከድምፅ መስጫው ቀን ጀምሮ ውጤት እስኪታወቅ እንዲዘጉ አዘዘ፤ የቴሌኮም ኩባንያዎቹም ዘጉ። ምክንያቱ ወሬና የጎሣ ቅስቀሳ ነው ተባለ። ብዙ አስተዋይ ሰው ይህን ደግፏል፤ ሐርጌሳ ውስጥ በ1988 በሲያድ ባሬ አውሮፕላን የተደበደበ ትውልድ አለ፣ ከተማው መሐል ላይ ሚግ አውሮፕላን ሐውልት አድርጎ ያቆመ ሕዝብ ነው፤ ጦርነት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማረም። ፍርሃቱን አከብራለሁ። መድኃኒቱን ግን አልቀበልም። ሰው ስልኩ ሲዘጋበት ወሬው አይቆምም፤ መርፈሽ በሚሉት ጫት ቤት፣ በመስጊድ ደጅ አፍ ለአፍ ይሄዳል፤ ያኔ የሚያስተባብለው የለም። ወሬን የሚገድለው ቆጠራው ላይ የቆመ፣ ያየውን ወዲያው የሚናገር፣ ከተሳሳተ በስሙ የሚጠየቅ ዘጋቢ ነው። ያንን ዘጋቢ ከሰው ጋር የሚያገናኘውን መስመር ቆርጦ ከወሬ ተጠንቀቁ ማለት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። (እኛ ጋ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንኳ የአገር ኢንተርኔት ተዘግቶ ያውቃል፤ ስለዚህ አንሳቅ።)

ደግሞስ ሚዛን ይጠበቅ ከተባለ ከትልቁ ለምን አይጀመርም? ሬዲዮ ሐርጌሳ በ1943 በእንግሊዞች ዘመን የተቋቋመ አንጋፋ ጣቢያ ነው፤ ክብር ይገባዋል። የግል ኤፍኤም ሬዲዮ ግን ሶማሌላንድ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተከልክሎ ኖሯል። ጋዜጣ የማይደርሰው፣ ቴሌቪዥን የሌለው፣ ግመሉን ተከትሎ የሚውል መራጭ ጆሮው ያለው ለመንግሥት ሬዲዮ ነው። ሥልጣን ላይ ያለው ሰው ድልድይ ሲመርቅ ዜና፣ ትምህርት ቤት ሲጎበኝ ዜና፣ ሲያስነጥስ ዜና ነው። ተቃዋሚው በደንቡ የተሰጠችውን ደቂቃ ይለምናል። በመንግሥት ጣቢያ ወገንተኛ ሆነሃል ተብሎ የታሰረ አንድ ጋዜጠኛ ጥሩልኝ፤ ከሐርጌሳም ከአዲስ አበባም። ፎሬ የተባለ ጋዜጣ ግን በ2019 ለአንድ ዓመት ታግዷል። ሁባል የተባለው ደግሞ ኤፕሪል 2013 ላይ ታጣቂዎች ቢሮው ድረስ ገብተው ጥቃት አደረሱበት፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ጋዜጣው ራሱ በፍርድ ቤት ታገደ። ተደብዳቢው ተዘጋ ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ሳቄ ይመጣል፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልዙር። ባልደረቦቼ ሊቀየሙኝ ይችላሉ፤ ይቀየሙ። ሐርጌሳም ሞቃዲሾም ጋዜጠኞች «ሻሩር» የሚሉት ገንዘብ አለ፤ ዜናው እንዲወጣ፣ ወይም እንዳይወጣ፣ ባለጉዳዩ ለዘጋቢው የሚያሲዘው። እኛ አበል እንለዋለን፣ ትራንስፖርት እንለዋለን፣ አንዳንዴ ፖስታ። ለምርጫ ዘመቻ ከተማ ለቆ የሚወጣ ዘጋቢ መኪናው የእጩው፣ ምሳው የእጩው፣ አልጋው የእጩው ነው፤ ማታ ተቀምጦ ስለ እጩው ሚዛናዊ ዘገባ እንዲጽፍ ይጠበቃል። ይህ ነውር ነው፣ ነውርነቱን አልሸፋፍንም። ጎሣውን ወይም ብሔሩን ለማስደሰት ያላየውን ሬሳ የሚቆጥርም አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ጋዜጠኛ ስለተባለ ብቻ ከእኔ ጥብቅና አያገኝም። ግን ንገሩኝ፤ ደመወዝ ሳይከፍል «ማይክ ሰጥቼሃለሁ፣ ራስህን አኑር» ብሎ ልጆች የሚያሰማራ የጣቢያ ባለቤት በየትኛው አንቀጽ ተጠየቀ? የሥነ ምግባር ሥልጠናው ላይ ባለቤቱ አይመጣም። የሚመጣው ደመወዝ ያልተከፈለው ልጅ ነው፤ እሱም የሚመጣው ለአበሉ ነው። ስለ ጉቦ አስከፊነት እያስተማሩ አበል ያስፈርሙታል።

ከአንድ ምርጫ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ከክልል የመጣች ዘጋቢ እጇን አውጥታ፣ «የቀበሌው ታጣቂ ስልኬን ቢቀማኝ ለማን ልደውል?» አለች። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ፣ ጥሩ ጥያቄ መሆኑን ተናግሮ፣ የዛሬው ርዕሳችን ሥነ ምግባር ስለሆነ እሱን በሻይ ሰዓት እናነሳዋለን አለ። በሻይ ሰዓት ሳምቡሳ ነበር። ልጅቱ ያቺን ጥያቄ ይዛ ወደ ወረዳዋ ተመለሰች።

የለጋሽ ገንዘብ ለምን ወደ ሥነ ምግባር ይፈስሳል? ማንንም ስለማያስቆጣ ነው። ሚኒስትሩ መጥቶ መክፈቻ ንግግር ያደርጋል፣ አምባሳደሩ ፎቶ ይነሳል፣ ጋዜጠኛው ይመከራል። ሌሊት በስምንት ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ጠበቃ መቅጠር ግን ሚኒስትሩን ያስቀይማል። ሐርጌሳ ውስጥ ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ የሶማሌላንድ የጋዜጠኞች ማኅበር መግለጫ ያወጣል፣ የሰብአዊ መብት ማዕከል የሚባለው ድርጅት የታሰረውን በስም እየመዘገበ ይጮኻል። እነዚህን አደንቃለሁ። በየአገሩ ግን ከመንግሥት ጋር ሻይ እየጠጣ ለአባሉ ሲሆን ድምፁ የሚጠፋ ማኅበርም ሞልቷል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ኢሮ በተቃዋሚነት ዘመናቸው ሰልፋቸው ሲበተን፣ ምርጫው ሲገፋ፣ ድምፃቸውን ያሰሙላቸው እነዚሁ የሚታሰሩ ልጆች ነበሩ። አሁን የሚያዝዘው እጅ የእሳቸው ነው። ከሳቸው የምጠብቀው ንግግር አይደለም። በ1962ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ጋዜጠኛ እንዳይከሰስ ለዐቃቤ ሕጋቸው በጽሑፍ ያዝዙ። የግል ሬዲዮ ይፈቀድ። ፍርድ ቤት ሳያዝ ካሜራ የነጠቀ ፖሊስ በስሙ ይከሰስ፤ አንድ ሰው ይበቃል፣ ሌላው ያያል። ደንቡም ከዘመቻው መጀመሪያ እስከ ቆጠራ ሳይሆን ከአንዱ ምርጫ እስከ ሌላው ምርጫ ይጽና።

ለሐርጌሳም ለአዲስ አበባም ወጣት ዘጋቢዎች የምለው አጭር ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ወደ ሆቴሉ ስትጠሩ ሂዱ፤ ሳምቡሳውንም ብሉ። ደንቡ ተነብቦ እስክሪብቶው ሲደርሳችሁ ግን ዙሪያችሁን እዩ፤ የከተማው ፖሊስ አዛዥ በአዳራሹ ውስጥ ካለ፣ ስሙና ስልክ ቁጥሩ ሰነዱ ላይ ከሰፈረ፣ ከእናንተ ፊርማ በላይ የእሱ ፊርማ ካለ ፈርሙ። ከሌለ እስክሪብቶውን ለሰጣችሁ ሰው መልሱለትና አዛዡ እስኪመጣ እንጠብቃለን በሉት።